ከአልጋው አጥር ዘሎ የሚወጣ ልጅ፦ ጥያቄና መልስ

የሕፃናት ነርስ ነኝ፣ የሦስት ልጆችም እናት። ሁለተኛው ልጄን በዓመት ከሰባት ወሩ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ኮሪደር ላይ ዳይፐሩን እየጎተተ አግኝቼዋለሁ። ጠይቁ።

ሲስተር፣ ልጄ 20 ወሩ ነው። ትናንት ማታ ጓ ሲል ሰምቼ ብሮጥ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ ይስቃል። ፍራሹን ዝቅ ባደርገው ይበቃል?

እንኳን ተረፈ። አዎ፣ ዛሬውኑ እስከ መጨረሻው አውርጂው። ከዚያ ውስጡ አቁመሽ እዪው፤ የአጥሩ ጫፍ ከደረቱ ካላለፈ ወይም ቁመቱ 89 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ አልጋው አልቆለታል። ትራስና ትልልቅ አሻንጉሊት አውጪ፣ መወጣጫ ያደርጋቸዋል። የእኔው የረገጠው አያቱ የገዙለትን ድብ ነበር። ይህ ሁሉ ተደርጎም ከወጣ ከአጥሩ ጋር አትታገዪ፣ ፍራሹን መሬት ላይ አድርጊለት፤ አጥሩ ከእንግዲህ የሚጨምርለት የመውደቂያ ከፍታ ብቻ ነው።

ከላይ መረብ ብወጥርበትስ?

በፍጹም። ተጠላልፎ ሊታነቅ ይችላል።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት ያገለገለ አልጋ ሊሰጡን ነው።

አመስግነህ ተወው ወንድሜ። ጎኑ ሲላቀቅ ክፍተቱ ውስጥ ተጣብቀው የሞቱ ሕፃናት ስላሉ፣ አሜሪካ ከሰኔ 2011 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ሽያጩን ከልክላለች። አዲስ አበባ አናጢ ዘንድ የምታሠሩም፣ በቋሚዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። የለስላሳ ጣሳ ካሳለፈ ሰፍቷል።

እሺ፣ ፍራሹን መሬት ላይ አደረግን እንበል። ሌሊት ተነስቶ ቤቱን ቢዞርስ?

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ተንበርክከሽ ክፍሉን በእሱ ቁመት እዪው። እኔ እንዲያ ሳደርግ መጀመሪያ ያየሁት የተንጠለጠለ የመጋረጃ ገመድ ነው፣ ልክ በአንገቱ ትክክል። ቁምሳጥኑን ግድግዳው ላይ በብሎን አስይዢ፤ መሳቢያዎቹን እየሳበ እንደ ደረጃ ሲወጣባቸው እላዩ ላይ ይገለበጣል። መስኮት ሥር ምንም መቆሚያ አይኑር። በሩ ላይ የልጅ አጥር ይሁን እንጂ ከውጭ አትቆልፊበት፣ እሳት ቢነሳ ማን ይደርስለታል?

የእኛ ቤት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ማታ ቡና ተፈልቶ የከሰል ምድጃው ጥግ ላይ ይቀራል፤ ላዩ አመድ ለብሶ የበረደ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ፍም ነው። በሃይላንድ የተቀዳ በረኪናም አለ፤ ለልጅ ውኃ ነው። ሁለቱንም ከመተኛትሽ በፊት ከእጁ አርቂ።

ትናንት ሌሊት አሥራ አንድ ጊዜ ወደ ፍራሹ መለስኩት። ደከመኝ።

አሥራ ሁለተኛውንም መልሺው፤ ሳትቆጪ፣ ሳታጫውቺ፣ መብራት ሳታበሪ። እኛ ቤት በሦስተኛው ሌሊት ባለቤቴ ተሸንፎ መሃላችን አስገባውና እንደገና ከዜሮ ጀመርን። የቀን እንቅልፉንም እዪ፤ በዚህ ዕድሜ ቀንና ሌሊት ተደምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት ይበቃዋል። ቀን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከተኛ ማታ ምን ብሎ ይተኛል?

እናቴ «ምን አጨናነቃችሁ፣ ከእናቱ ጎን ይተኛ» ትላለች።

ሁላችንም እንዲያ አድገናል፣ ዓመት ላለፈው ጤነኛ ልጅ እኔም አልከራከራቸውም። ፍራሹ ግን መሬት ላይ ይሁን፤ የትልቅ ሰው አልጋም ይጥላል።

አሁን ወድቆ ግንባሩ አብጧል። ይጫወታል። ላስተኛው?

ራሱን ስቶ ከነበረ፣ ደጋግሞ ካስታወከ፣ ከወትሮው በላይ ከፈዘዘ፣ ወይም ለማባበል እንኳ ካስቸገረ አትጠብቂ፣ ሐኪም ቤት ውሰጂው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከ90 ሴንቲ ሜትር በላይ ከወደቀም ደህና ቢመስል እንኳ ይታይ። ዕድሜው ስንት ነው? ከየት ነው የወደቀው? አሁኑኑ ጻፊልኝ፣ ሌላው ጥያቄ ይቆየን።