ፍንጭትና ሽራፊ ጥርስ በቦንዲንግ፦ ሁለት ጊዜ አሠርቼ ያየሁት

ሰላም እህቴ። ፊት ጥርሶችሽ መሃል ፍንጭት አለ፣ አንደኛው ደግሞ ጫፉ ተሸርፏል፣ ሐኪሙ በአንድ ቀጠሮ በቦንዲንግ፣ ማለትም የጥርስ ቀለም ያለው ነገር ጥርሱ ላይ በማጣበቅ፣ እጨርስልሻለሁ ብሎሻል፣ ምርቃትሽ ደግሞ አንድ ወር ቀርቶታል። ያማል ወይ፣ ስንት ዓመት ይቆያል፣ ያስታውቃል ወይ ነው ጥያቄሽ። እኔም ፍንጭቱም ሽራፊውም ነበረብኝ። ሁለት ጊዜ ነው ያሠራሁት። የመጀመሪያው አምስት ወር አልሞላም፣ ሁለተኛው ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል። የተሠሩት ከአንድ ዓይነት ነገር ነው። ልዩነቱ አንቺ ያልጠየቅሽው ነገር ላይ ነው፣ ወደሱ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ቀላሉን ልመልስ። አያምም። የጥርስ የላይኛው ልባስ፣ ኢናሜል የሚሉት፣ ነርቭ የለውም። ስብራቱ ጠልቆ ካልገባ ወይም ጥርሱ ካልተቦረቦረ ብዙ ጊዜ ማደንዘዣም አያስፈልግም። እኔ መርፌ የሚባል አላየሁም። የሚያስመርረው አፍ ከፍቶ መቆየቱ ነው፤ ለአንድ ጥርስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል፣ መንጋጋሽ ይዝላል።

አሠራሩን ማወቅ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ሲሳሳቱ ታውቂባቸዋለሽ። ቀለም የሚመረጠው ከሁሉም በፊት ነው፣ ጥርስሽ በምራቅ እርጥብ እንዳለ። ጥርስ ሲደርቅ ይነጣል። ግማሽ ሰዓት አፍሽን ከፍተሽ ከቆየሽ በኋላ ከመረጡልሽ፣ በማግስቱ የራስሽ ጥርስ ወደ ቀለሙ ይመለስና የተሠራው ብቻውን ነጭ ሆኖ ይቀራል። ያኔ ነው የሚያስታውቀው። ከዚያ ሰማያዊ ጄል ይቀባሉ። ፎስፎሪክ አሲድ ነው፣ አትደንግጪ፤ ከ15 እስከ 30 ሴኮንድ ቆይቶ ይታጠባል። ሲደርቅ ጥርሱ ኖራ የተቀባ ይመስላል። አሲዱ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ከፍቷል፣ ማጣበቂያው እነሱ ውስጥ ገብቶ ነው የሚቆነጥጠው። አዲስ ሙከራ እንዳይመስልሽ፤ ጥርስን በአሲድ አሻክሮ የማጣበቁን ነገር ማይክል ቡኦኖኮር የሚባል ሐኪም ያሳተመው በ1955 እ.ኤ.አ. ነው።

ከዚያ ኮምፖዚት የሚሉት፣ ሊጥ የመሰለው የጥርስ መሙያ ይመጣል። ትንሽ ትንሽ እያደረጉ ይቀርጹታል፣ በሰማያዊ መብራት ያጠነክሩታል፣ እንደገና ይጨምራሉ። አንዱ ንብርብር ከ2 ሚሊ ሜትር ብዙ መብለጥ የለበትም፣ መብራቱ ውስጡ ድረስ አይደርስማ። በዚህ ሁሉ መሃል ጠላትሽ ምራቅ ነው። አሲድ የነካው ቦታ ምራቅ ከነካው ማጣበቂያው በደንብ አይዝም። የመጀመሪያው ሐኪሜ ሁለት ጥጥ ወትፎ ነበር የሠራኝ፣ እኔም እየዋጥኩ ምላሴን እያንቀሳቀስኩ ነበር። ሁለተኛዋ ሐኪም ግን ጥርሶቼን ብቻ በሚያሳይ ስስ ላስቲክ አፌን ሸፈነችው። ያስጠላል፣ ግን ደረቅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። የመጀመሪያውን ሠርተው ሲጨርሱ መስታወት ሰጡኝ፤ አማረብኝ፣ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። አምስተኛው ወር ላይ አንድ ጠዋት ስነቃ ምላሴ ሻካራ ነገር አገኘ። የጥርሴ ጫፍ የለም። ትራሱ ላይ ፈለግኩ፣ አንሶላውን አራገፍኩ፣ ምንም። ውጬዋለሁ ማለት ነው። የበላሁት ነገር የለም፣ የወደቅኩበት የለም፣ ተኝቼ ነው የተሰበረው። ተመልሼ ስሄድ ‘ጠንካራ ነገር ነክሰው ይሆናል’ አሉኝ። ተናደድኩና ሌላ ቦታ ሄድኩ።

ሁለተኛዋ ሐኪም የተሰበረውን ጥርስ እንኳ ቶሎ አላየችም። የታችኞቹን ነው ያየችው። ጫፋቸው በሞረድ የተሞረደ ይመስል ጠፍጣፋ ነበር። ‘ማታ ጥርስ ያፋጫሉ?’ አለችኝ። ኧረ በፍጹም አልኩ። ‘አብሮዎት የሚተኛ ሰው ይጠይቁ’ አለች። ወንድሜን ስጠይቀው ሳቀብኝ። ለካ ስንት ዓመት እንደ ወፍጮ ሳንቋቋ ነው የኖርኩት!

እና እህቴ፣ ከቀለሙ በፊት ስለ ንክሻሽ ጠይቂ። የታችኛው ጥርስሽ ሽራፊው ጫፍ ላይ የሚያርፍ ከሆነ የፈለገ ቢያምር ይሰበራል፤ ለነገሩ መጀመሪያስ ለምን ተሸረፈ? ወድቀሽ ከሆነ አንድ ነገር ነው፣ ቀስ በቀስ ከሆነ ግን ምክንያቱ አሁንም አፍሽ ውስጥ አለ። ሲጨርሱ ቀለም ያለው ቀጭን ወረቀት ያስነክሱሻል። ቀጥ ብሎ መንከስ ብቻ አይበቃም፤ መንጋጋሽን ወደ ፊትና ወደ ጎን ጭምር እያንሸራተትሽ መታየት አለበት። እኔን መጀመሪያ ጊዜ አንዴ ‘ይንከሱ’ ብለው ነው ያሰናበቱኝ። አሁን ማታ ማታ በልኬ የተሠራ የጥርስ መከላከያ አድርጌ ነው የምተኛው። ምንም አያምርም፣ ጥርሴ ግን አለ።

የፍንጭቱ ነገር ደግሞ ከሽራፊው ይለያል። ፍንጭት የሚዘጋው ሁለቱንም ጥርሶች በማስፋት ነው። ጠባብ ከሆነ አይታወቅም። ሰፊ ከሆነ ግን ሁለት በር የመሰሉ ጥርሶች ይዘሽ ትወጫለሽ፣ እንዲህ ከሆነ ብሬስ፣ ጥርስ የሚያስተካክለው ሽቦ፣ ይሻልሻል፣ ጊዜ ቢወስድም። ስለዚህ አሲድና ማጣበቂያ ሳይነካው በፊት ኮምፖዚቱን እንዲሁ ለጥፈው እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። በቀላሉ ይነሳል። በመስታወት እዪው፣ ሳቂ፣ አውሪ። ካልወደድሽው ይነሳና በቃ። ፍንጭትሽን እንደምትወጂው ያኔ ልታውቂም ትችያለሽ፤ ሽራፊውን ብቻ አሠርቶ ፍንጭቱን መተው ነውር የለውም።

ከወንበሩ ሳትነሺ ደግሞ የጥርስ ክር አምጡ በያቸው። ክሩ በሁለቱ ጥርሶች መሃል ገብቶ ሳይበጣጠስ መውጣት አለበት። ከተበጣጠሰ ድድሽ አጠገብ የተረፈ ጠርዝ አለ ማለት ነው፣ ምግብ ይይዛል፣ ድድሽ ይደማል። እዚያው ይሞረድልሽ።

ስንት ዓመት ይቆያል ላልሽው፣ ብዙ ጊዜ የሚባለው ከ3 እስከ 10 ዓመት ነው። ሰፊ ልዩነት ነው፣ ግን እውነቱ ያ ነው፤ እንደ ቦታው፣ እንደ ንክሻሽና እንደ አያያዝሽ። ጥሩነቱ ትንሽ ቢሸረፍ ሁሉን ሳያፈርሱ እዚያው ላይ መጨመር ይቻላል። ቬኒር፣ ጥርሱ ፊት ላይ የሚለጠፍ ስስ የፖርሴሊን ሽፋን፣ ይሻላል ብለው የመከሩሽ ሰዎች ካሉ አልተሳሳቱም፣ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይቆያል ይባላል፣ ቀለምም አይዝም። ግን ለቬኒር አብዛኛውን ጊዜ ኢናሜልሽ ይሞረዳል፣ ኢናሜል ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ለአንድ ሽራፊ እኔ አላደርገውም።

አያያዙ ያን ያህል አይከብድም። ቡና፣ ሻይ፣ ሲጋራ ቀለሙን ይለውጡታል፤ በተለይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ተጠንቀቂ። እኔ ቡና አልተውኩም፣ ጠጥቼ አፌን በውሃ እጉመጠመጣለሁ፣ በየጊዜው ሄጄ አስወለውላለሁ። ጥርስ ያነጣል የሚባል ሻካራ ሳሙናና የከሰል ዱቄት አትንኪ፣ ወዙን ይወስደዋል። ጥፍር መብላት፣ እስክሪብቶ ማኘክ፣ በረዶ መቆርጠም፣ ክር በጥርስ መበጠስ የለም። ክሩን ለማቆም እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ፈጀብኝ።

አሁን ቀኑን እንቁጠር። ኮምፖዚት በማስነጫ አይነጣም፤ ጥርስሽን ማስነጣት ካሰብሽ የግድ ከቦንዲንጉ በፊት ነው። ካስነጣሽ በኋላ ደግሞ ሁለት ሳምንት ያህል ትጠብቂያለሽ፣ ጥርሱ ውስጥ የሚቀረው ኦክስጅን ማጣበቂያውን ስለሚያዳክም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ከጀመርሽ ለጥቂት ይደርሳል። ማስነጣቱ ይቅር ካልሽ ግን ጊዜ አለሽ፣ ረጋ ብለሽ ንክሻሽን አስመርምሪ። ብቻ ቀጠሮውን ለምርቃቱ ዋዜማ እንዳታደርጊው። ፍንጭት ሲዘጋ ምላስ ቦታው ይጠፋዋል፤ እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ ‘ሰ’ ባልኩ ቁጥር ሳፏጭ ነበር።