ማሲንቆንና ድምፅን ለየብቻ መቅዳት ይሻላል?

ጥያቄ፦ አጎቴ ማሲንቆ እየመቱ የሚያዜሙ አዝማሪ ናቸው። ዜማዎቻቸውን በአልበም ለማስቀረት አስቤ፣ ሦስት በአራት ሜትር በሆነች ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ክፍል ውስጥ ላፕቶፕ፣ ባለ ሁለት መግቢያ የድምፅ ካርድና ሁለት ኮንደንሰር ማይክሮፎኖች አዘጋጅቻለሁ። አንድ ጓደኛዬ መጀመሪያ ማሲንቆውን በሜትሮኖም (ፍጥነትን በእኩል ምት በሚቆጥር መሣሪያ)፣ ቀጥሎም ድምፃቸውን ለብቻ እንድቀዳ መከረኝ። አጎቴ ግን ሞክረውት «እጄና አፌ ተጣሉ» አሉ። የማንን ልስማ? (ከጎንደር)

መልስ፦ የአጎትዎን ይስሙ። አዝማሪ ማሲንቆውን የሚመታው ስንኙ ሲረዝም እያራዘመ፣ አድማጭ ሲስቅ ቆም እያለ፣ ችክችካው ሲጋልም ፍጥነቱን እየጨመረ ስለሆነ፣ ድምፁን ከመሣሪያው መለየት ዜማውን ከሁለት መክፈል ነው። ለየብቻ መቅዳት ብዙ መሣሪያ ላለው ባንድ ይጠቅም ይሆናል፤ ብቻውን ለሚጫወት ሰው ግን ጥቅሙ አይታየኝም።

በመጀመሪያ አንዱን ማይክሮፎን ብቻ ከፊታቸው አንድ ሜትር ያህል አርቀው፣ በአፋቸውና በማሲንቆው መካከል ባለው ከፍታ አቁመው ይሞክሩ። ማሲንቆው ከዋጣቸው ማይክሮፎኑን ከፍ፣ ድምፃቸው ከበረታ ዝቅ ያድርጉት። ይህ ካልበቃ ሁለተኛውን ይጨምሩ፦ አንዱ ከማሲንቆው ቆዳ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፣ ነገር ግን ደጋኑ ጭራውን የሚነካበትን ቦታ በቀጥታ አይመልከት፤ ሌላው ከአፋቸው በላይ ሆኖ ጀርባውን ለማሲንቆው ይስጥ። የአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው መግባቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ ሲያዳምጡ ድምፁ የሚሳሳ ከሆነ የአንዱን ቦታ ይቀይሩ። የቅጂው ጥራት 24 ቢትና 48 ኪሎ ኸርዝ ሆኖ፣ ከፍተኛው ድምፅ በመቅጃው መለኪያ ላይ ከዜሮ በ12 ዴሲቤል ዝቅ ከሚለው ምልክት (-12) በላይ እንዳይወጣ ይጠንቀቁ።

ክፍሉን በተመለከተ፣ በግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የእንቁላል ካርቶን ከጌጥነት አያልፍም። ወፍራም ፍራሽና ብርድ ልብስ ከአጎትዎ ጀርባ ቢሰቅሉ ይሻላል፤ ማይክሮፎኑ የሚያየው ወደዚያ ነውና። ቆርቆሮው ፀሐይ ሲያገኘው ስለሚንጫጫ ከቀትር ይልቅ ሌሊቱን ይምረጡ። ክረምት ላይ ግን ዝናቡ ብቻ ሳይሆን ርጥበቱም ያስቸግራል፤ ቆዳው ሲረግብ ድምፁ ይደነዝዛልና።

ከቅጂ በኋላ ያለው ሥራ ጥቂት ቢሆን ደስ ይለኛል። ቃና የሚያርመው ሶፍትዌር ድምፁን ወደ ፒያኖ ቃናዎች ስለሚጎትት፣ በተለይ አንቺ ሆዬ ቅኝትን ያበላሽብዎታል፤ ማሲንቆውንም በቃና መለኪያ መሣሪያ (ቲውነር) አስገድደው አይቃኙት፣ አጎትዎ ለጉሮሯቸው እንደሚመቻቸው ይቃኙት። ጫጫታ የሚያጠፋ ሶፍትዌርም የጭራውን ፍትጊያ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ሊያጠፋው ይችላል፤ ያ ፍትጊያ ከሌለ ደግሞ የሚሰማው ማሲንቆ መሆኑ ያጠራጥራል።

አልበሙን ከማሰራጨትዎ በፊት ከአጎትዎ ጋር በጽሑፍ ይዋዋሉ፤ ዝምድና ውልን አይተካም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞች (እንደ አጎትዎ ለሚጫወቱና ለሚያዜሙ) የራሳቸው መብት ስለሚሰጥ፣ ማን ምን ያህል እንደሚካፈልና ሥራው የት የት እንደሚሰራጭ በውሉ ላይ ይግለጹ።