የተረፈው ሰዓት የማን ነው? ስለ ኤአይና ስለ ሥራ ጥያቄና መልስ

ስለ ሰው ሰራሽ አስተውሎት (ኤአይ እያልኩ ልቀጥል) ያላችሁን ጠይቁ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌ የቻልኩትን እመልሳለሁ። እንጀራዬ ሶፍትዌር ነው፤ የሥራና የማሽን ታሪክ ደግሞ ማንበብ እወዳለሁ። ትንቢት አትጠብቁብኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በአጭሩ ንገረን፤ ሥራችንን ይወስደዋል ወይስ አይወስደውም?

በአጭሩ አይሆንልኝም። አንድ ሥራ የብዙ ትንንሽ ተግባራት ጥቅል ነው። ማሽን የሚወስደው ከጥቅሉ ውስጥ አንዱን ወይም ሁለቱን ነው። የቀረው ደሞዝ የሚያስከፍል ነው ወይ? እሱን ነው ማየት።

ኤቲኤምን እንውሰድ። በ1967 ለንደን ውስጥ ሥራ ጀመረ። ማሽኑ ሲስፋፋ የባንክ ካሸር አበቃለት ተባለ። አሜሪካ ውስጥ ግን ኤቲኤም በየቦታው ሲተከል የካሸሮቹ ቁጥር እንዲያውም ጨመረ። አንድ ቅርንጫፍ በጥቂት ሰው መሥራት ስለቻለ ባንኮቹ ብዙ ቅርንጫፍ ከፈቱ። ካሸሩም ብር መቁጠሩ ቀነሰለትና ደንበኛ ማማከር ያዘ። ብዙ ሰው ወሬውን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ግን ቀጣይ አለው። ባንኩ ስልክ ውስጥ ሲገባ ቅርንጫፉ ራሱ አላስፈለገም፤ ካለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ወዲህ የካሸሮቹ ቁጥር ወርዷል። «ያኔም ፈርተን ነበር፣ ምንም አልሆነም» የሚል ሰው ስሰማ «ቆይ፣ ገና አላለቀም» እላለሁ።

ጥያቄ፦ ሐኪም ነኝ፤ ራዲዮሎጂ ልማር ነው። ጓደኞቼ አስፈራሩኝ።

ዶክተር፣ አይፍሩ። የኤአይ ተመራማሪው ጄፍሪ ሂንተን በ2016፣ የሕክምና ምስሉን ማሽን የተሻለ ያነበዋልና ራዲዮሎጂስት ማሠልጠን ካሁኑ ይቁም ብሎ ነበር። ሰውየው እንዲሁ የሚናገር አይደለም፤ በ2024 የፊዚክስ ኖቤል ያገኘው ለዛሬው ኤአይ መሠረት በጣለው ሥራው ነው። ራዲዮሎጂስት ግን ዛሬም ይፈለጋል። ምስሉን ከታማሚው ታሪክ ጋር የሚያገናዝብ፣ ከሌሎች ሐኪሞች ጋር የሚመካከር፣ ፈርሞ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ያስፈልጋላ።

ጥያቄ፦ በቅርቡ የተመረቅኩ ፕሮግራመር ነኝ። ጀማሪ የሚቀጥር ጠፋ። ጥፋቱ የእኔ ነው?

አይደለም፤ እኔንም በጣም የሚያሳስበኝ ይኸው ነው።

ለጀማሪ ምን እንሰጥ ነበር? ትንሽ ስህተት እንዲያርም፣ የአንድ ፎርም መልክ እንዲያስተካክል። ዛሬ ይሄን ኤአይ በደቂቃዎች ይሠራዋል፤ ከሂሳቡ አንጻር ጀማሪ መቅጠር ኪሳራ ይመስላል። ግን የዚያ ትንሽ ሥራ ጥቅም ኮዱ ብቻ አልነበረም። ልጁ የጻፈውን አብረን መስመር በመስመር እናየዋለን። «ተጠቃሚው እዚህ ጋ ምንም ሳይሞላ ቢልከውስ?» እለዋለሁ። ያስባል፤ ጭንቅላቱን ያካል፤ ከዚያ ራሱ ያገኘዋል። በሌላ ጊዜ ሳይጠየቅ ያስገባዋል። ኤአይ ያንን ክፍተት ገና ከመነሻው ሞልቶ ያመጣል፤ ልጁ እንዲህ ያለ ጥያቄ እንዳለም ሳያውቅ ያልፋል። ታዲያ ከአሥር ዓመት በኋላ የማሽኑን ሥራ የሚፈትሽ አዋቂ ከየት ይመጣል? እያንዳንዱ ኩባንያ ሌላው እንዲያሠለጥንለት እየጠበቀ ነው።

በተቃራኒው የሚጠቀስ ጥናት አለ፤ እውነትም ጥሩ ጥናት ነው። 5,000 ያህል የደንበኛ አገልግሎት ሠራተኞች ኤአይ ሲያግዛቸው ውጤታቸው በአማካይ 14 በመቶ ገደማ አደገ፤ የጀማሪዎቹ በሲሶ ያህል። ነባሮቹ ብዙም አልተጠቀሙም። ማሽኑ የጎበዞቹን አነጋገር ተምሮ ለጀማሪዎቹ አቀበለ ማለት ነው። ደስ ይላል። ግን ጎበዞቹ ለተወሰደው ችሎታቸው ማን ከፈላቸው?

ጥያቄ፦ ታዲያ ስልጣኑ ማን እጅ እየገባ ነው?

ከላይኛው ጫፍ ብንጀምር ጥቂት እጆች ናቸው። ለኤአይ የሚፈለጉትን ቺፖች (ስሌቱን የሚሠሩት የኮምፒውተር ክፍሎች) በብዛት የምትነድፈው ኤንቪዲያ ናት። የሚያመርትላት የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ነው። ረቂቆቹን ቺፖች ለማተም የሚያስፈልገውን የብርሃን ማሽን የሚሠራ ደግሞ በዓለም አንድ ድርጅት ብቻ አለ፤ የሆላንዱ ኤኤስኤምኤል። ከታች ደግሞ ማሽኑ ጸያፍ ነገር እንዳይናገር ሲሠለጥን ዘግናኝ ጽሑፍ እያነበቡ የለዩ ሰዎች አሉ። ኬንያ ውስጥ ይህን ሲሠሩ የነበሩት በሰዓት ከ2 ዶላር በታች ይከፈላቸው እንደነበር በ2023 ይፋ ሆኗል።

ለእኔ ግን ዋናው መካከል ላይ ያለው ነው፤ በአሠሪና በሠራተኛ መሃል። ማሽኑ ሰዓት ይቆጥባል እንበል። ያ ሰዓት የአንተ እረፍት ይሆናል? የደሞዝ ጭማሪ? ወይስ የጎረቤትህ ስንብት? ይሄን ቴክኖሎጂው አይወስነውም።

በ1811 እንግሊዝ ውስጥ የሹራብና የጨርቅ ማሽን የሰበሩትን ሰዎች አሁንም «ቴክኖሎጂ ጠል» እንላቸዋለን። ብዙዎቹ በማሽን የሚሠሩ ባለሙያዎች ነበሩ። የተጣሉት ማሽኑን ሰበብ አድርጎ ደሞዝ ከሚቆርጥና ሙያ የሌለው ሰው ከሚያስገባ አሠሪ ጋር ነው። በ1812 ፓርላማው ማሽን ሰባሪ በሞት ይቀጣ ብሎ ደነገገ። በ2023 የአሜሪካ የፊልም ጸሐፊዎች 148 ቀን ሥራ ሲያቆሙ ግን «ኤአይ ይከልከል» አላሉም። ማሽን የድርሰት ባለቤት ተብሎ እንዳይቆጠር፣ ጸሐፊውም ሳይወድ እንዲጠቀም እንዳይገደድ አስፈረሙ። ልዩነቱ? እነዚህኞቹ ማኅበር ነበራቸው።

ጥያቄ፦ ሥራ ቀርቶ ገንዘብ በነጻ ቢሰጠንስ? እኔ በደስታ እተኛለሁ።

ሃሃ፣ የመጀመሪያውን ወር እኔም አብሬህ እተኛለሁ።

ኢኮኖሚስቱ ኬንስ በ1930 ከመቶ ዓመት በኋላ ሰው በሳምንት 15 ሰዓት ብቻ ይሠራል ብሎ ነበር። ሀብቱ መጣ፤ 15 ሰዓቱ የለም። በዚያው ዘመን ኦስትሪያ ውስጥ ማሪየንታል የምትባል መንደር ፋብሪካዋ ተዘጋ፤ መንደሩ ከሞላ ጎደል ሥራ ፈታ። ሊያጠኑ የሄዱ ሰዎች ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። ጊዜ ተትረፍርፎ ሳለ ከቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ የሚዋስ ሰው ቀነሰ። ወንዶቹ መንገድ ላይ እርምጃቸው ተጎተተ፤ ብዙዎቹ ሰዓት ማሰር ተዉ። እርግጥ ተርበውም ነበር፤ ስለዚህ ገንዘብ ያለው ሥራ ፈት እንዲሁ ይሆናል ብዬ አልምልም። ጡረታ ወጥተው የሚያብቡ ሰዎች ሞልተዋል። ከገንዘቡ ሌላ የጎደለው «ነገ ይጠብቁኛል» የሚለው ነው፤ እሱን ደግሞ ባንክ ማስገባት አይቻልም።

ጥያቄ፦ ማሽን ከበለጠኝ ለምን ልድከም?

ለምን እንደምትደክሚ ይወሰናል። የጎ (በጥቁርና በነጭ ጠጠር የሚጫወቱት የእስያ የሰሌዳ ጨዋታ) ጌታው ኮሪያዊው ሊ ሴዶል በ2016 አልፋጎ በሚባል የኤአይ ፕሮግራም 4 ለ 1 ተሸነፈ፤ በ2019 ጨዋታውን ተወ፤ ማሽኑ የማይሸነፍ ነገር ነው ብሎ። ቼዝ ደግሞ በ1997 ካስፓሮቭ በኮምፒውተር ከተሸነፈ ወዲህ አልሞተም፤ ሚሊዮኖች በየቀኑ ይጫወታሉ። ሁለቱም ገብተውኛል። አንደኛ ለመሆን የሚደክም ሰው ይጎዳል፤ በድካሙ ውስጥ ደስ የሚለው ነገር ያለው ግን ይቀጥላል።

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤታችን ኤአይ ሊያስገባ ነው። ስብሰባ ላይ ምን እንጠይቅ?

የሚቆጠበው ሰዓት ምን ላይ እንደሚውል። ማሽኑ ሲሳሳት ማን እንደሚጠየቅ፤ «ያየው ሠራተኛ» ካሉ፣ በቀን ስንት ሊያይ እንደሚችል። እናንተን ለመከታተል ይውል እንደሆነም ጠይቁ። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከየካቲት 2025 ጀምሮ፣ ለሕክምናና ለደኅንነት ካልሆነ፣ በሥራ ቦታ የሰው ስሜት በኤአይ እንዳይነበብ ከልክሏል፤ የማይሆን ጥያቄ አይደለም። መልሱን ቃለ ጉባኤ ላይ አስመዝግቡ። አዲስ ጀማሪ ይቀጠር እንደሆነ መጠየቅም አትርሱ፤ እሱን ማንም አያነሳውም።