«እግዚአብሔርንስ ማን ፈጠረው?» ለምትል ጓደኛ ምን ይመለሳል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ተማሪ ነኝ። የዶርም ጓደኛዬ በእግዚአብሔር መኖር አታምንም። «ሁሉ ነገር አስገኚ ካለው እግዚአብሔርንስ ማን አስገኘው? እሱ ያለ አስገኚ ከኖረ ዓለምም መኖር ይችላላ» ስትለኝ መልስ አጣሁ።

መልስ፦ እኅታችን፣ ጓደኛሽ የምትሞግተው ቤተ ክርስቲያን ያላለችውን ነው። «ሁሉ ነገር አስገኚ አለው» ብለን አናስተምርም። የምንለው «ህልውናውን ከሌላ የተቀበለ ሁሉ አስገኚ አለው» ነው። መጀመሪያ ይህችን አስተካክይ፤ ዝም ብለሽ ካሳለፍሻት የቀረው ክርክር ሁሉ ጠማማ ይሆናል።

የጅማን ክረምት ታውቂዋለሽ። ዝናቡ ሲወርድ ከጎረቤት ዶርም ጃንጥላ ተዋስሽ እንበል፤ እሷም ከሌላ፣ ያችም ከሌላ ተውሳለች። ሁሉም ተዋሽ ብቻ ከሆነ ሰንሰለቱ የቱንም ያህል ቢረዝም ጃንጥላው እጅሽ አይገባም። የሆነ ቦታ ሳይዋስ ያለው ባለቤት ሊኖር ግድ ነው፤ እሱን «ከማን ተዋስክ?» ማለት ጥያቄውን አለመረዳት ነው። (ባለ ጃንጥላውም ከሱቅ ገዝቷልና ምሳሌው እዚህ ላይ ያበቃል። እግዚአብሔር ግን ህልውናው ከማንም አይደለም፤ ቀዳማዊ የምንለው ለዚህ ነው።) ዓለምስ? በውስጡ ያለው ሁሉ ይለወጣል፣ ያልፋል፣ ባይኖርም ይቻል ነበር። ተዋሾች ስለበዙ ባለቤት አይወጣቸውም።

ቤልጂየማዊው ቄስና የፊዚክስ ሊቅ ጆርጅ ለሜትር እ.ኤ.አ. በ1927 ዓለም እየሰፋ መሄዱን በቀመር አሳየ፤ በ1931 ደግሞ መነሻ እንዳለው ሐሳብ አቀረበ። ዛሬ ከዚያ መነሻ ወዲህ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይቆጠራል። ይህን ብታነሺ መልካም ነው፤ «ሳይንስ ኦሪት ዘፍጥረትን አረጋገጠ» ግን እንዳትዪ። ለሜትር ራሱ ሁለቱን ማጣበቅ አይወድም ነበር። ነገ ሌላ ቀመር ቢመጣ እምነትሽን ይዞት ይሄዳል።

«ዳርዊን ሲሞት ንስሐ ገባ» የሚባለውንም ተዪው። የዝግመተ ለውጥ ሊቁ ዳርዊን የሞተው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው፤ ወሬው የታተመው በ1915፤ ልጁ ሄንሪየታም በ1922 ሐሰት መሆኑን ጽፋለች። አንድ ሐሰት ከተገኘብሽ እውነቱንም አትሰማሽም።

ደግሞ ጥያቄው አያስደንግጥሽ። ስለ ስድስቱ ዕለታት ፍጥረት በሚናገረው በአክሲማሮስ መጽሐፍ እንደምንማረው መላእክት በዕለተ እሑድ ሲፈጠሩ ፈጣሪያቸው ተሰውሮባቸው «ማን ፈጠረን? ከየት መጣን?» ተባብለዋል። ሳጥናኤል «እኔ ፈጠርኋችሁ» አለ። ቅዱስ ገብርኤል ግን «ንቁም በበህላዌነ እስከ ንረክቦ ለአምላክነ» ብሎ፣ አምላካችንን እስክናገኘው በያለንበት እንጽና ብሎ አረጋጋቸው። ልብ በዪ፤ የተነቀፈው የሳጥናኤል ሐሰት ነው፣ የጠየቁት አልተነቀፉም። ስለዚህ «ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል» የሚለውን ጥቅስ ፊቷ ላይ አትወርውሪ። ቅዱስ ጴጥሮስ መልሳችን «በየዋህነትና በፍርሃት» ይሁን ብሏል (1ኛ ጴጥ. 3፥15)።

ዶርሙ ሞልቶ ሳለ ክርክር አትጀምሪ፤ ሰው ፊት የተረታ ሰው ይበልጥ ይደርቃል። ለብቻችሁ ስትሆኑ «የለም የምትዪው ምን ዓይነት አምላክ ነው?» ብለሽ ጠይቂያት። ብዙ ጊዜ ከበስተኋላው የወላጅ ሞት ወይም ከአገልጋይ የደረሰ በደል ይወጣል። እንዲያ ከሆነ ጃንጥላውን ተዪውና አድምጫት። «እግዚአብሔር ካለ መከራ ለምን?» የሚለው ሌላ መልስ የሚፈልግ ሌላ ጥያቄ ነው፤ እሱን ለብቻው ላኪልን።