መልስ፦ የኔዘርላንድስ አልጋ ወራሽ እንደ ማንኛውም ተማሪ ትኖራለች ወይ?
አልጋ ወራሿ እንደ እኩዮቿ ትኖራለች ወይ ላልከው ወንድሜ፣ ሞክራ ነበር፤ ግን አላስኖሯትም። ካታሪና አማሊያ እ.ኤ.አ. በ2022 አምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ቤት ተጋርታ መኖር ጀምራ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የደህንነት ስጋት መጣና ዘ ሄግ ወዳለው ቤተ መንግሥት ተመለሰች። እናቷ ንግሥት ማክሲማ ልጃቸው እንደልቧ መውጣት እንደማትችል ሲናገሩ እንባ ተናንቋቸው ነበር፤ ያሳዝናል። ከዚያ ማድሪድ ሄዳ ከአንድ ዓመት በላይ እዚያው ሆና ተማረች፣ ይሄም የታወቀው በ2024 ነው።

እኔ ግን በጣም የማከብራት በገንዘቡ ነገር ነው። 18 ዓመት ሲሞላት በዓመት ወደ 1.6 ሚሊዮን ዩሮ ከመንግሥት ይገባት ነበር። ለወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርክ ሩተ በእጇ ደብዳቤ ጻፈች፦ ገና ተማሪ ነኝ፣ በምላሹ የምሠራው ነገር የለም፣ ሌሎች ተማሪዎች ደግሞ በኮሮና ተቸግረዋል፣ ስለዚህ አልወስድም አለች።