የቢ ተማሪ እናት ለሆንሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ ከሥራ ስወጣ አነበብኩት። ልጅሽ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ጂፒኤው 3.1፣ አማካዩ ቢ ማለት ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎታል፣ ግን ዋጋው አይቀመስም። አንዱ «ዲፈርድ» ብሎታል፣ ውሳኔውን ለኋላ አቆይቶታል ማለት ነው። የቀሩት እስከ ማርች መጨረሻ ድምፃቸው አይሰማም። ጓደኞቹ የገቡበትን ትምህርት ቤት ሹራብ ለብሰው ፎቶ ይለጥፋሉ። አባቱ አኩርፏል፣ አንቺ እንቅልፍ አጥተሻል። «እስከዚያ ምን ላድርግ? የቀሩት እምቢ ቢሉስ?» ነው ያልሽው።

እኔም እዚሁ ሜሪላንድ ነኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ሁለቱም የቢ ልጆች ናቸው። ትልቋ ጨርሳ ሥራ ይዛለች፤ ትንሹ ዩኒቨርሲቲ ነው። ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

እኛ ያደግነው በማትሪክ ነው። አንድ ፈተና፣ አንድ ውጤት፣ ከዚያ መንግሥት ወደ መደበሽ ትሄጃለሽ። ካላለፍሽ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለዚህ ነው ከኮሌጅ የሚመጣ ኢሜይል ሁሉ የማትሪክ ውጤት የሚመስለን። እዚህ አገር ግን የአራት ዓመት ኮሌጆች አብዛኞቹ ካመለከተው ሰው ከግማሽ በላይ ይቀበላሉ። ከመቶ አመልካች አምስት ስድስቱን ብቻ የሚወስዱት፣ እኛ ስማቸውን የምንጠራቸው፣ ጥቂቶች ናቸው። ቢ ይዞ የሚማርበት ያጣ ልጅ አላየሁም። ገብቶ ገንዘብ ያለቀበት ግን ስንቱን አይቻለሁ። ስለዚህ «ይገባ ይሆን?» የሚለውን ተይውና «በስንት ይገባል?» በሚለው ተጨነቂ። እሱ ያስጨንቃል፣ ደግሞም የምትሠሪው ነገር አለው።

ፎቶ የሚለጥፉትን ልጆች እርሻቸው። ዲሴምበር ላይ የታወቀላቸው ብዙዎቹ ኖቬምበር 1 አካባቢ ቀድመው ያመለከቱ ናቸው። አንዳንዶቹ ደግሞ ኧርሊ ዲሲዥን በሚባለው ነው የገቡት፤ ከተቀበሉኝ እገባለሁ ብሎ መፈረም ማለት ነው። የአንዱን ዋጋ ከሌላው ለማወዳደር ጊዜ አይሰጥም። እንደ እኛ ሳንቲም ለሚቆጥር ቤት እኔ አልመክረውም።

ዲፈርድ ያለው ትምህርት ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የመጀመሪያ ሴሚስተር ውጤትን ነው። ልጁ የትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ ካውንስለሩ ጋ ሄዶ ውጤቱ መላኩን ያረጋግጥ። አሁንም መግባት እንደሚፈልግ፣ ከማመልከቻው ወዲህ ምን እንደጨመረ፣ አጭር ደብዳቤ ይጻፍ። እሱ ይጻፍ። አንቺ እንዳትደውዪ፤ የእናት ስልክ አይረዳውም። ዌይትሊስት፣ ማለትም ተጠባባቂ ነህ ካሉት ደግሞ ሌላ ነው፤ ተራዬን እጠብቃለሁ ብሎ መመለስ አለበት። ግን እሱን ተማምናችሁ አትቀመጡ፤ እስከ ሜይ 1 ሌላ ቦታ ዲፖዚት፣ የቦታ መያዣውን፣ ክፈሉ።

ማመልከቻው የት እንደደረሰ የሚታይበትን ድረ ገጽ፣ ፖርታሉን፣ በሳምንት አንዴ ይክፈተው። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የራሱ አለው። የትልቋ ልጄ አንዱ ፖርታል ላይ ትራንስክሪፕት አልደረሰም የሚል ቀይ ምልክት ነበረ። እኛ መልስ እየጠበቅን፣ እነሱ ደግሞ ወረቀት እየጠበቁ። ካውንስለሯ በማግስቱ ላከላት፣ አለቀ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ፋፍሳ፣ የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻውን፣ ሞልታችኋል? ካልሞላችሁ ዛሬ ማታ ቁጭ በሉ። ልጁ የራሱ አካውንት ይኖረዋል፣ ወላጅም የራሱ። ከባለቤትሽ ጋር ታክስ አብራችሁ የምታስገቡ ከሆነ አንዳችሁ ብትገቡ ይበቃል። የታክስ መረጃው ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ከአይአርኤስ በቀጥታ እንዲመጣ ፍቀዱ ይላችኋል። ብዙ አባቶች እዚህ ላይ ይጠራጠራሉ፤ ካልፈቀዳችሁ ግን የፌዴራል እርዳታ የለም። የሜሪላንድ ስቴት እርዳታ ቀነ ገደቡ ማርች 1 ነው። ገቢያችሁ አነስተኛ ከሆነ ፔል ግራንት የሚባል የፌዴራል እርዳታ አለ፤ ለ2025-26 ትልቁ 7,395 ዶላር ነበር፣ አይመለስም።

ሌላ የእኛ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የሜሪላንድ ሴናተሮችና ዴሌጌቶች፣ የስቴቱ ምክር ቤት አባላት፣ ለየአካባቢያቸው ተማሪ የሚሰጡት ስኮላርሺፕ አላቸው። የዋሽንግተኑን ኮንግረስ ማለቴ አይደለም፤ አናፖሊስ የሚቀመጡትን ነው። በአድራሻሽ የእናንተን ፈልጊና ቢሯቸው ጠይቂ። አንዳንዱ የራሱ ፎርም አለው፣ አንዳንዱ አጭር ጽሑፍ ይፈልጋል። ለአንድ ልጅ የሚሰጠው ትልቅ ገንዘብ ላይሆን ይችላል፣ ግን ኤ ካላመጣህ አይሉም፤ የቢ ልጅ ያገኛል። ዲሲ የምትኖሩ ደግሞ ዲሲታግ አላችሁ፤ ከዲሲ ውጭ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለሚገባ ልጅ በየዓመቱ ከክፍያው የተወሰነውን ይሸፍናል።

የእርዳታው ደብዳቤ ሲመጣ እስክሪብቶ ይዘሽ ተቀመጪ። ለልጄ ከመጡት አንዱ እንዲህ ነበር። የዓመቱ ወጪ 46,000። ከሥሩ በትልቁ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ 31,000 ዶላር እርዳታ» ይላል። ባለቤቴ እልል ሊል ምንም አልቀረውም። አንድ በአንድ አየነው። ስኮላርሺፕ 14,000። ለተማሪዋ የፌዴራል ብድር 5,500። ወርክ ስተዲ 2,500፣ እሱም ሠርታ የምታገኘው ነው። የወላጅ ብድር 9,000። በእውነት የሰጡን 14,000ውን ብቻ ነው። የቀረው 32,000 በብድርም በጉልበትም ከእኛው ቤት የሚወጣ ነው። ያውም ለአንድ ዓመት። ያንቺንም እንዲህ ለዪው። የማይመለሰውን ብቻ ከወጪው ቀንሽ፤ የቀረው ነው ዋጋው። ከዚያ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ መደወል ነውር አይደለም። ሥራ ከቀነሰ፣ ሕመም ከመጣ፣ ታክሱ ላይ የማይታይ ነገር ካለ በማስረጃ ንገሪያቸው፤ ስሌቱን መልሰው የማየት ሥልጣን አላቸው። እዚህ ላይ ብትደውዪ አልከለክልሽም።

እኛ ትልቋን በመጨረሻ የት እንደላክናት ልንገርሽ። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ የሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ። ሲልቨር ስፕሪንግ ካምፓስ ኮሪደሩ ላይ አማርኛ ትሰሚያለሽ። ሁለት ዓመት ከቤት እየተመላለሰች ተማረች። ከዚያ ሮክቪል ወዳለው ሼዲ ግሮቭ ተሻገረች፤ እዚያ የተለያዩ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ግቢ ያስተምራሉ፣ ዲፕሎማው የሚወጣው ግን በዩኒቨርሲቲው ስም ነው። ነርሲንግ ጨረሰች። ቨርጂኒያ ላላችሁ ደግሞ ኖቫ የሚባለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አለ፤ አድቫንስ በሚባለው ፕሮግራም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወደ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የሚሻገሩበት መንገድ ይያዝላቸዋል።

«ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ» ስንል ለምን ድምፃችን እንደሚቀንስ አይገባኝም። አገር ቤት ለዘመድ ሲነገር እንኳ «ኮሌጅ ገባ» ብለን የመጀመሪያዋን ቃል እንውጣታለን። ግን ጉዳቱንም ልንገርሽ፣ አልሸፍንም። መኪና ይይዛሉ፣ ሥራ ይጀምራሉ፣ ብር ይጥማቸዋል፤ ሁለት ዓመቱ አራት ይሆናል። ደግሞ ክላስ ዝም ብሎ ከተወሰደ ሲሻገሩ የማይቆጠር ክሬዲት ይተርፋል። የትኛው ክላስ የት እንደሚቆጠር የሚያሳይ አርትሲስ የሚባል የሜሪላንድ ድረ ገጽ አለ። ልጄ እሱን ሳታይ አንድም ክላስ አትመዘገብም ነበር። ልጅሽ ራሱን የማያስተዳድር ዓይነት ከሆነ፣ ከቤት ወጣ ብሎ የስቴት ዩኒቨርሲቲ ቢገባ ይሻለዋል። ትንሹን እኛ ያደረግነው እንደዚያ ነው፤ እቤት ቢቀር ከጌም አይነሳም ነበር።

የቀሩት እምቢ ቢሉስ ላልሽው፦ ሜይ 1 ካለፈ በኋላም ቦታ ያላቸው ኮሌጆች አሉ። የኮሌጅ ካውንስለሮች ማኅበር፣ ናካክ የሚባለው፣ በየዓመቱ ሜይ ላይ ዝርዝራቸውን ያወጣል። በዚያ ላይ ልጅሽ አንድ መግቢያ በእጁ ይዟል።

ግን ይዣለሁ ብሎ እንዳይተኛ። መግቢያው ዓመቱን በደህና እስከጨረሰ ድረስ ነው። ጁን ላይ የመጨረሻው ትራንስክሪፕት ይሄዳል፤ ቢው ዲ ሆኖ ከተገኘ መግቢያውን ሊሰርዙበት ይችላሉ።

አባቱን በተመለከተ፣ «ሌሊት የምነዳው ለማን ብዬ ነው» የሚለውን ልጁ ፊት እንዳይናገር ለምኚልኝ። ልጁ ያውቀዋል። የእኔ ልጅ ያን ሰሞን እራት ሳህኗን ይዛ ክፍሏ መብላት ጀምራ ነበር፤ ጉዳዩ ምግብ እንዳልነበረ የገባን በኋላ ነው። ቤተ ክርስቲያን «የት ገባ?» ለሚሉሽ ደግሞ «ገና እየጠበቅን ነው፣ ጸልዩልን» በያቸው። ጸልዩልን ከተባለ በኋላ ጂፒኤ የሚጠይቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ደብዳቤዎቹ ሲመጡ ቁጥሮቹን ጻፊልኝ፣ የልጁን ስም አጥፍተሽ። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ አልገባም፤ በስልክ አንድ በአንድ እናየዋለን። ባለቤትሽም ቢኖር ጥሩ ነው።