የምትሠሪው ጭንቅላት ለምን ድንች ይመስላል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። በብሌንደር (በ3ዲ መሥሪያ ሶፍትዌሩ) ካራክተር ስካልፕቲንግ፣ ማለትም ገጸ ባሕርይን እንደ ሸክላ እየቀረጹ መሥራት፣ ከጀመርሽ ሦስት ወር ሆኖሻል። ቪዲዮ እያየሽ ስትከተይ ያምርልሻል፣ ብቻሽን ስትሞክሪ ግን «ድንች ይሆንብኛል» አልሽ። ላፕቶፕሽ 8 ጊጋ ራም ነው፣ ግራፊክስ ታብሌት የለሽም፣ እና ወደ ዚብራሽ፣ ወደ ሌላው የስካልፕቲንግ ሶፍትዌር፣ ልዙር ወይ ብለሽ ጠየቅሽ። እኔ በዚህ ሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። በ8 ጊጋ ላፕቶፕና በማውስ ነው የጀመርኩት፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ዚብራሽን ለጊዜው ተዪው። ምርጥ ፕሮግራም ነው፣ ትልልቅ የፊልምና የጌም ስቱዲዮዎች ይሠሩበታል። ግን እ.ኤ.አ. በ2022 በማክሰን ኩባንያ እጅ ከገባ ወዲህ ክፍያው ወደ ወርና ዓመት ኪራይ ዞሯል፣ ያውም በዶላር። ከዚህ ሆኖ ለውጭ ሶፍትዌር መክፈል ምን ያህል እንደሚያደክም ታውቂዋለሽ። ብሌንደር ደግሞ ነፃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠቃሚዎቹ 100,000 ዩሮ አዋጥተው ነው ኮዱን ለሁላችን ያስለቀቁት። እኔ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል፣ የማያውቁን ሰዎች ለእኔና ለአንቺ ከፍለውልናል። ጭንቅላት ለመማር የሚያስፈልግሽ ነገር በሙሉ እዚያ ውስጥ አለ።

አሁን ወደ ድንቹ እንምጣ። የለጠፍሽውን ምስል አጉልቼ አየሁት። ከንፈሩ ላይ ስንጥቅጥቅ አለ፣ አፍንጫው ላይ የቆዳ ቀዳዳ አለ፣ ግን ከቆዳው ሥር ራስ ቅል የለም። ዝርዝሩን ቀድመሽ ሠራሽው። እኔም በመጀመሪያው ወር እንደዚሁ ነበርኩ። ሜሹን (ሞዴሉ የተሠራበትን መረብ) ደጋግሜ ከፋፍዬ ሚሊዮኖች ፖሊጎን (የመረቡ ጥቃቅን ገጾች) አደረስኩት። ላፕቶፑ ቀጥ አለ፣ ፊቱም እንደ ተጨማደደ ፌስታል ሆኖ ቀረ። ፖሊጎን ሲበዛ ትልቁን ቅርጽ መግፋት አይቻልም። አንድ ቦታ ስትነኪ ትንሽ ጉብታ ብቻ ነው የሚወጣው፣ እሱን በስሙዝ ስታለሰልሺ ደግሞ ሁሉም ይሟሟል። ድንች የሚሆነው ያኔ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ጀምሪ። 2 ሜትር ስፋት ያለው ተራ ሉል አምጪና ቮክሰል ሪሜሽ (መረቡን እኩል አድርጎ እንደገና የሚሠራው) ሳይዙን 0.1 ላይ አድርጊው። በግምት 1,900 ፖሊጎን ይሆናል፣ ማንኛውም ላፕቶፕ ይችለዋል። ቁጥሩን በግማሽ በቀነስሽ ቁጥር ፖሊጎኑ አራት እጥፍ ገደማ ይጨምራል። 0.05 ላይ 7,500 አካባቢ፣ 0.025 ላይ 30,000 አካባቢ ነው። መጀመሪያ ላይ ከ20,000 በላይ አትውጪ። ሰውዬው ማን እንደሆነ በ20,000 ካልታወቀ በ2 ሚሊዮንም አይታወቅም። በነገራችን ላይ ሉሉን በስኬል ካስረዘምሽው ኮንትሮል ኤ ብለሽ ስኬሉን አጽድቂ፣ ካልሆነ ብራሹ ይንሻፈፍብሻል።

ብራሽ ሦስት ይበቃሻል። ለመጎተት ግራብ፣ ለመጨመር ክሌይ ስትሪፕስ፣ ሺፍት ይዘሽ ደግሞ ስሙዝ። ኮንትሮል ስትይዢ ክሌዩ መጨመሩን ትቶ ይቆፍራል። በማውስ ስለምትሠሪ የእጅሽ ኃይል አይለይም፣ ስለዚህ ስትሬንግዙን (የብራሹን ጉልበት) ወደ 0.2 አውርጂና ደጋግመሽ ሂጂበት። ታብሌት ስታገኚ ስክሪን የሌለው ትንሹ ከበቂ በላይ ነው፣ ግን እሱን እየጠበቅሽ አትቁሚ።

አንድ ቀን ፒያሳ፣ ጊዮርጊስ ጋ ያለውን የምኒልክ ሐውልት ከሩቅ ሆነሽ እዪው። ፊታቸው በቅጡ አይለይም። ግን ፈረሱ የፊት እግሮቹን አንስቶ፣ ከላይ ሰውየው ተቀምጠው፣ ጥላው ብቻ ማን እንደሆኑ ይናገራል። አንቺም ቪውፖርቱን (የሥራ መስኮቱን) ፍላት፣ ማለትም ብርሃንና ጥላ የሌለው፣ አድርጊና ሞዴሉን ጥቁር ቀቢው፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ አዙሪው። ከጎን ስታዪው ማጅራቱ ገብቷል? አናቱ ወደ ኋላ በደንብ ሄዷል? እኛ ጀማሪዎች የኋላ ጭንቅላት እንረሳለን። ዓይንን ግንባር አጠገብ ሰቅለን አናቱን እንቆርጠዋለን። ዓይን ያለው ከአናት እስከ አገጭ እኩሌታው ላይ ነው። ጆሮ ደግሞ ከጎን ሲታይ ከመሃል መስመር ትንሽ ወደ ኋላ ነው። ፀጉር ስለሚያሳስት ፀጉሩን የተላጨ ሰው ፈልገሽ ተመልከቺ።

ፊትን የተማርኩት ከቪዲዮ ይልቅ ከአያቴ ነው። ቡና ስታፈላ ፊት ለፊቷ በር አለ፣ ብርሃኑ ከአንድ ወገን ይመጣል። ጀበናውን ልትቀዳ ጎንበስ ስትል ብርሃኑ የጉንጯ አጥንት ላይ ያርፍና ከሥሩ ድንገት ይጨልማል። ከዚያ መንጋጋዋ ጠርዝ ላይ እንደገና ይበራል። አጥንት ለቆዳ የቀረበበትን ቦታ ያኔ ለየሁት። ግንባር፣ የቅንድብ አጥንት፣ የአፍንጫ ድልድይ፣ ጉንጭ፣ አገጭ። እነዚህን አስቀድመሽ ትከያቸው፣ ሥጋው በመካከላቸው ይወጠራል። ከየኢንተርኔቱ የምናወርዳቸው የመለማመጃ ጭንቅላቶች አብዛኞቹ የፈረንጅ ናቸው። የቤተሰብሽን ፊት ስትሠሪ ግን የአፍንጫው ክንፍ፣ የከንፈሩ ውፍረት፣ የጉንጩ ከፍታ ሌላ ነው። እባክሽ ከሰፈርሽ ሰው ጀምሪ።

ፎቶ ስታነሺ ሁለት ሜትር ያህል ርቀሽ ዙም አድርጊ። ከቅርብ የተነሳ ሰልፊ አፍንጫን ያገዝፋል፣ ጆሮን ይደብቃል። ብሌንደርም ራሱ ሲከፈት እይታው 50 ሚሊሜትር ሌንስ ላይ ነው። በኤን ፓነል ቪው ውስጥ ገብተሽ 85 ወይም 100 አድርጊው። እኔ ይሄን ሳላውቅ አንድ ዓመት ሙሉ ፊት ሲጣመምብኝ ኖሬያለሁ።

ዓይን ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ዓይን ፊት ላይ የተሳለ የአልሞንድ ቅርጽ አይደለም። ኳስ ነው። አሁን ዓይንሽን ጨፍኚና በጣትሽ ዙሪያውን ዳብሺ። ከላይ ጠንካራ አጥንት፣ ከታችም አጥንት፣ መሃሉ ላይ የሚንከባለል ኳስ ታገኛለሽ። ስካልፕት ስታደርጊም በዚያው ቅደም ተከተል ሂጂ። ጉድጓዱን ቆፍሪ፣ የተለየ ሉል አስገቢበት፣ ከዚያ የላይና የታች የዓይን ቆቡን በኳሱ ላይ አልብሺ። ቆቡ ውፍረት አለው፣ ጠርዙ ላይ ብርሃን የሚይዝ ቀጭን ገጽ ይተው። ከላይ ሆነሽ ስታዪው የውጭኛው የዓይን ጥግ ከውስጠኛው ወደ ኋላ የራቀ መሆን አለበት። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ፊቱ ጭምብል ይመስላል። ከንፈርም እንዲሁ ነው፣ የጥርሱን ክብነት ተከትሎ ይዞራል።

ሹሩባ ልሠራ ብለሽ ደግሞ እያንዳንዷን ጉንጉን በብራሽ አትልፊባት። አንዷን ቋጠሮ ሠርተሽ በአሬይ (ቅጂ በሚደረድረው መሣሪያ) አባዢያት፣ ከዚያ በከርቭ (በተጠማዘዘ መስመር) አጣጥፊያት። ይሄ ግን ጭንቅላቱ ካለቀ በኋላ ነው። ሪቶፖሎጂ (መረቡን አስተካክሎ እንደገና መሥራት)፣ ቴክስቸር (የገጹ ቀለምና ሸካራነት)፣ አኒሜሽን፣ እነዚህንም ለአሁኑ እርሺያቸው።

ለ30 ቀን በየቀኑ አንድ ጭንቅላት፣ 45 ደቂቃ። ሰዓቱ ሲሞላ ቁሚ፣ ቢያስጠላም አስቀምጪው፣ በማግስቱ ከአዲስ ሉል ጀምሪ። አንዱን ጭንቅላት ለወር ስታሻሺ ያንኑ ስህተት እያለሰለስሽ ነው የምትኖሪው። ፋይሉን በየ10 ደቂቃው በአዲስ ቁጥር ሴቭ አድርጊ። እኔ የላፕቶፔ ባትሪ ሞቶ በቀጥታ በመብራት ስሠራ መብራት ሄዶ የአራት ሰዓት ሥራ ጠፍቶብኛል። ያን ቀን ማታ እንባ ነበር የተናነቀኝ።

ነገ የመጀመሪያውን ስትጨርሺ እዚሁ ላኪልን። ግራጫ ቀለም፣ ምንም ቴክስቸር የሌለው፣ ከፊት፣ ከጎንና ከላይ ሦስት ምስል። የጎኑን እንዳትረሺ፣ እኔ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።